ፍርሃት ቤት ሲገባ፦ ክርስቲያን ቤተሰቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ነጎድጓዱ የቤቱን ቆርቆሮ ሲያናውጠው፣ መብራት ሲጠፋ፣ ከከተማው ዳር ጅብ ሲጮኽ ልጆች ይፈራሉ። ወላጅም የራሱ ጭንቀት አለው፦ የቡና ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የሕፃን ትኩሳት። እንዲህ ባለው ሌሊት መጽሐፍ ቅዱስ የሚገልጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። ከንባቡ በኋላም ፍርሃቱ ሳይቀልለት የሚያድረው ጥቂት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቃሉ የሚነገርበት መንገድ ነው።

1. «አትፍራ» የሚለውን ብቻ ቆርጦ መናገር

ከሁሉ የተለመደውም የሚጎዳውም ይህ ነው። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ «አትፍራ ተብሎ ተጽፏል፤ ሂድ ተኛ!» ይባላል። ኢሳይያስ 41፥10 ግን «እኔ ከአንተ ጋር ነኝና አትፍራ» ነው የሚለው። በአማርኛችን ምክንያቱ ቀድሞ፣ ትእዛዙ ተከትሎ ይመጣል። ፊተኛው ተቆርጦ ኋለኛው ብቻ ሲነገር ማጽናኛው ቁጣ ይሆናል፤ ልጁም በፍርሃቱ ላይ «መፍራቴ ኃጢአት ነው» የሚል እፍረት ጨምሮ ወደ አልጋው ይመለሳል።

ስለዚህ በጥቅሱ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ አብራችሁት ሁኑ፦ አልጋው ጫፍ ተቀመጡ፣ እጁን ያዙ፣ «ምን ሰማህ? ምን መሰለህ?» ብላችሁ ጠይቁና በራሱ አፍ ይናገረው። ቀጥሎ አብራችሁት ተንፍሱ፤ 3 እስኪቆጠር በአፍንጫ ማስገባት፣ 5 ወይም 6 እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ይህንኑ 5 ጊዜ መድገም። ረጅሙ አወጣጥ የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ልቡ እየዘለለ ያለ ልጅ ቃል አይገባውም። ጥቅሱን ከዚያ በኋላ በዝግታ ሁለት ጊዜ በሉለት። ሴት ልጅ ከሆነች «ከአንቺ ጋር ነኝና አትፍሪ» ብላችሁ አንብቡላት፤ ለእሷ የተነገረ መሆኑን የምትሰማው ያን ጊዜ ነው። ስትወጡ «ከ5 ደቂቃ በኋላ መጥቼ አይሻለሁ» በሉ፤ ብትተኛም ባትተኛም በ5 ደቂቃው ተመለሱ። ቃሉን የሚጠብቅ ወላጅ ያየ ልጅ፣ ቃሉን የሚጠብቅ አምላክ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

2. ቀን አስፈራርቶ ማታ «ጸልይና ተኛ» ማለት

«ካልበላህ ጅብ ይበላሃል»፣ «እንዲህ ካደረግሽ ሰይጣን ይወስድሻል»፣ «እግዚአብሔር ያያል፣ ይቀጣሃል»። እነዚህ ቀን ለአፍታ ልጅን ዝም ያሰኛሉ፣ ሌሊት ግን ተመልሰው ይመጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ ልጁ ሲጨንቀው የሚሸሸግበትን አምላክ ራሱን ማስፈራሪያ አድርጎታልና።

አማርኛው ራሱ እዚህ ላይ ማብራሪያ ይፈልጋል። እግዚአብሔርን መፍራትም ጅብን መፍራትም ያው «መፍራት» ነው፤ ሕፃን ልዩነቱን አያውቅም። በዘጸአት 20፥20 ሙሴ ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ይናገራቸዋል፦ ሕዝቡን አትፍሩ ይላቸውና ያው እግዚአብሔርን መፍራት ከኃጢአት እንደሚጠብቃቸው ይነግራቸዋል። ለልጅ ሲገለጽ «ጅብን ስትፈራ ትሸሻለህ፤ እግዚአብሔርን ስታከብር ወደ እሱ ትቀርባለህ» ማለት ይበቃል። ማስፈራሪያውን ለመተው ደግሞ ምትክ ያስፈልጋል፤ እውነተኛ የሆነ፣ አጭርና የሚፈጸም ውጤት ንገሩ፦ «ካልበላህ ምግቡ ይነሣል፤ እስከ መክሰስ ሌላ የለም»።

3. ትልቁ ሰው ፍርሃቱን ሁሉ መዋጥ፣ ወይም ሁሉን ማፍሰስ

በቡና የሚተዳደር አባወራ ዋጋው ሲወርድ ዝም ይላል። ልጆች ግን ዝምታውን ያነባሉ፤ ምክንያቱን ስላላወቁም ጥፋቱ የእነሱ ይመስላቸዋል። በተቃራኒው ዕዳውን ከነቁጥሩ ለ8 ዓመት ልጅ መዘርዘር ትከሻው የማይችለውን መጫን ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ከ12ቱ ሦስቱን ብቻ ለይቶ ወሰደና ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ነገራቸው። ጭንቀቱን አልደበቀም፣ ለሁሉም አልበተነውም።

ለዚህ የቡናው ሥርዓት ይረዳል። አቦሉ ላይ ልጆች ባሉበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ዘንድሮ ገንዘብ ጠበብ ብሏል፣ እኔና እናታችሁ እየመከርንበት ነው፣ እናንተ ምንም አላጠፋችሁም»። አብራችሁ ጸልዩና ልጆቹ ወደ ጨዋታቸው ይሂዱ። ቁጥሩና ዝርዝሩ በቶናው በባልና ሚስት መካከል ይሁን። ከዚያ ያለፈውን ለንስሐ አባት፣ ለመጋቢ ወይም ምሥጢር ለሚጠብቅ አንድ ወዳጅ ንገሩ።

4. መዝሙሩን እንደ ክታብ መያዝ

በልዑል መጠጊያ ስለሚኖር ሰው የሚናገረው መዝሙር በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 90፣ በሌሎች እትሞች 91 ነው፤ ባልና ሚስት ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን ከሆኑ ይህን ማወቁ ክርክር ያስቀራል። ብዙዎች ትራስ ሥር ያደርጉታል፣ ወይም «7 ጊዜ ካልደገምኩት ክፉ ይደርሳል» ይላሉ። ያን ጊዜ መዝሙሩ ራሱ ሌላ የፍርሃት ምንጭ ይሆናል። በማቴዎስ 4፥6 ፈታኙ ከዚሁ መዝሙር ጠቅሶ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር እንዳለው አስታውሱ። መዝሙሩን ለ8 ቀን በቀን ሁለት ሁለት ቁጥር አንብቡት፤ በየቀኑ «ዛሬ ምን እንድናምን ይነግረናል?» ብላችሁ 5 ደቂቃ ተነጋገሩ።

5. ጸሎትን የሕክምና ምትክ ማድረግ

ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ለሦስት ቀን ጠበል ወይም ጾም ጸሎት ብቻ ይዞ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። በዚያው ቀን ይመርመር። ካንቀጠቀጠው፣ ጡት ወይም ውኃ እንቢ ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ ወይም ከፈዘዘና አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። በ2ኛ ነገሥት 20 ሕዝቅያስ እንደሚድንና 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከተነገረው በኋላም ነቢዩ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አስደርጓል። መንገድ ላይ ጸልዩ፤ ወረፋም ስትጠብቁ ጸልዩ።

የአእምሮ ጭንቀትም እንዲሁ ነው። ፍርሃቱ አብዛኛውን ቀን እየተመላለሰ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ፣ ምግብ ወይም ሥራ ካስተጓጎለ፣ የጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ አንድ ቀን አይታደርም፤ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት።

6. ሥጋን መርሳት

ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን ሲለምን፣ መልአኩ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ተኛ፣ ደግሞ በላ፤ «ምን ታደርጋለህ?» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ከተማ ከምሽቱ 2 ሰዓት በረካ ጠጥቶ ሌሊቱን ልቡ ሲመታ «መንፈስ ነው» የሚል አለ። ከተጠጣ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም የቡናው ኃይል ግማሽ ያህሉ ገና በሰውነት ውስጥ ነው። ጭንቀት ያለበት ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ይተው፤ ጫትም እንዲሁ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጭንቀትም ያባብሳል።

7. ፍርሃትን በጎረቤት ላይ ማላከክ

ልጅ በቃዠ ቁጥር «ዓይን ነው፣ መተት ነው» ብሎ ማዶ ያለችውን ሴት መጠርጠር ፍርሃቱን ሁለት ቤት ያስገባዋል። ልጁም በየቀኑ የሚያልፍበትን ደጅ መፍራት ይጀምራል። ጥርጣሬው ካለ በልጅ ፊት አታንሡት፤ በዚያው ሳምንት እሷን ቡና ጥሯት፣ ልጁም ቁርሱን ያቅርብላት።