የጃዝ ድራመር የራሱን የአመታት ስልት እንዴት ያገኛል?

መጀመሪያ አንድ ድራመር ምረጡ። አንድ ብቻ። እኔ ስጀምር ከአስሩም ደስ ያለኝን ፊል (በዜማ መሃል የሚገባ አጭር የድራም ማሟያ) ስለቃቅም ነበር የከረምኩት። አንድ ማታ መድረክ ላይ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስንወርድ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ «ቆንጆ ነበር፤ ግን ምቱን ማን ይዞት ነበር?» አለኝ። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ በስልክ የቀዳሁትን ስሰማው ልጁ እውነቱን ነው።

መኮረጅ አያሳፍርም። ድራመሩ ቶኒ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1963 ከትራምፔተኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር መጫወት ሲጀምር ገና 17 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ግን እነ አርት ብሌኪን፣ ማክስ ሮችንና ፊሊ ጆ ጆንስን በየተራ ልክ እንደነሱ ለመምታት ሲለፋ ነው የኖረው።

አሁን ወደ ራይድ ሲምባል፣ ምቱን ሳያቋርጥ ወደሚያስኬደው ትልቁ ሳህን። ድራመሩ ኬኒ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ጊዜ መጠበቁን በእግር ከሚመታው ቤዝ ድራም ወደ ራይድ ካዛወረው ወዲህ፣ ድራመር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ድራሙ ላይ አትቀመጡ። ከመረጣችሁት ሰው ስምንት ባር (እዚህ አንድ ባር አራት ምት ነው) ብቻ ወስዳችሁ ራይዱን በአፋችሁ ዝፈኑት፦ «ቲን፣ ቲን-ካ-ቲን»። ጉዱ ያለው «ካ» ላይ ነው። ቴምፖው (ፍጥነቱ) መካከለኛ ሲሆን ወደ ትሪፕሌት፣ ማለትም አንድ ምት ለሦስት እኩል ወደሚከፈልበት ትጠጋለች፤ ሲፈጥን ቀጥ ትላለች፣ ወደ ምቱ እኩሌታ ትጠጋለች። አንዱ ድራመር ዘግየት ያደርጋታል፣ ሌላው ጫን ይላታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይውጣታል። መንገድ ላይ እየሄዳችሁ ካልወጣችላችሁ ስቲክ አታንሱ። እኔ የድራመሩን የኤልቪን ጆንስን ስምንት ባር ለመያዝ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ታክሲ ውስጥ ሳንጎራጉር ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

ከአፍ ወደ እጅ ስትሄዱ ራይዱን ብቻ ምቱ። ሜትሮኖሙን (ጠቅ እያለ ምት የሚጠብቀውን መሣሪያ) በግማሽ አውርዱት፤ በደቂቃ 120 ምት ለሆነ ቴምፖ 60 ላይ አድርጉና ጠቅታውን ሁለተኛና አራተኛ ምት አድርጋችሁ ቁጠሩት። ነፃ የስልክ አፕ ይበቃል። ውድ ሲምባል መግዛትም አሁን አያስፈልግም።

ራሳችሁን ቅዱ፣ በማግስቱ ስሙት። ምንም ብትለፉ ከሰውየው ጋር የማይገጥም ነገር ይቀራል። ቶሎ አታርሙት። እኔ ግራ እጄ ስኔሩ (ከፊት ያለው ትንሹ ድራም) ላይ፣ በችክችካ ከበሮ የሚያርፍበት ቦታ ይወድቃል፤ ልጅ ሆኜ ችክችካ ስሰማ ነው ያደግኩት። የችክችካ ስድስት ስምንተኛ ምትና የኤልቪን ትሪፕሌት ደግሞ ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱም በሦስት በሦስት ይከፈላሉ። ጓደኞቼ «ሰርግ ቤት አደረግከው» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አፍሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ላጠፋው ታገልኩ፤ ያ ነው የሚቆጨኝ። በሌላ በኩል ችክችካን ሆን ብሎ በየዜማው ላይ የሚለጥፍ ሰው ያሰለቸኛል።

ስኔር፣ ሃይሃት (በእግር የሚገጣጠሙት ሁለት ሳህኖች) እና ቤዝ ድራሙን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

አንዱን ሰው ስትጠግቡ ወደ ሌላ እለፉ። እኔ አሁን ፊሊ ጆ ጆንስ ላይ ነኝ። በስቲክ ፈንታ የሚይዘው ብሩሽ አልገባኝም።