ቤት ውስጥ ጨዋ፣ ደጅ ሲወጣ ዱርዬ፦ የቡችላ ስልጠና ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቡቺ የአራት ወር ቡችላ ሳለች ሳሎን ውስጥ «ቁጭ» ስላት አፌን ሳልዘጋ ቁጭ ትል ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ መጣ። በሩን እንደከፈትኩለት ጉዷን ላሳየው ቸኮልኩ። «ቁጭ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ቁጭ!» የእንግዳውን ጫማ ማሽተት ያዘች። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ስለው ጭራሽ የጫማውን ክር መጎተት ጀመረች። ጓደኛዬ «ሰለጠነች ያልከኝ ይቺኑ ነው?» ብሎ ሳቀ።

እልኸኛ ናት ብዬ ተናደድኩ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ቡቺ ቃሉን ብቻ አልነበረም የያዘችው። ሳሎኑን፣ ምንጣፉን፣ ፊት ለፊቷ መቆሜን፣ የቤቱን ጸጥታ፣ ሁሉንም ጠቅልላ ነው የተማረችው። በር ላይ ከዚያ ሁሉ የቀረላት ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉ ለብቻው ደግሞ ገና ምንም አይነግራትም ነበር።

ውሻ ሲባል ስሙ የሚነሳው፣ ውሾች እንዴት እንደሚማሩ ያጠናው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭም ይኸው ነገር አስቸግሮታል። ረዳቱ ብቻውን ሲሠራ ውሻው የተማረውን ሳያዛንፍ ያሳያል። ፓቭሎቭ ራሱ ሊያይ ሲገባ ግን ውሻው አዲሱን ሰው መመርመር ይይዝና ትምህርቱ ድራሹ ይጠፋል። በኋላ በሴንት ፒተርስበርግ ድምፅ እንዳያስገባ ተብሎ ወፍራም ግድግዳ ያለው ላቦራቶሪ ተሠራለት። «የዝምታ ግንብ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመ ሰው ሙከራው በእንግዳ ምክንያት ከተበላሸበት፣ እኔ በር ላይ ብዋረድ ምን ይገርማል?

ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ቤት ውስጥ ይሰማል፣ ውጪ ጆሮ የለውም

መጀመሪያ አንዲት ፈተና ቤት ውስጥ ሞክሩ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ «ቁጭ» በሉት። ቀጥሎ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ። ቀጥሎ ወለሉ ላይ ተጋድማችሁ። ብዙ ቡችላ ሦስተኛው ላይ ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ መጥቶ ፊታችሁን ይልሳል። እስካሁን ሲከተል የነበረው የእጃችሁንና የትከሻችሁን እንቅስቃሴ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል። ውሻ ከቃል በፊት ገላን ያነባል።

መፍትሄው እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ መውጣት ነው። ሳሎን፣ ኩሽና፣ ኮሪደር፣ ግቢ፣ ደጃፍ፣ ጭር ያለ መንገድ፣ ከዚያ ሰው የሚበዛበት። አዲስ ደረጃ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጭራሽ እንዳልተማረ ቁጠሩትና እጃችሁን እያሳያችሁ ከሀ ጀምሩ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይይዛል። አራተኛው፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቃሉ ከቦታው እየተላቀቀ ይመጣል።

መቼ ነው ወደሚቀጥለው የምናልፈው? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ከ10 ጊዜ 8ቱን ካገኘ ወደፊት፣ ሁለቴ ተከታትሎ ከሳተ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። «ትናንት ችሎት ነበር እኮ!» ይላል። ትናንት ድመቷ አጥሩ ላይ አልነበረችም።

ነገሩን የሚያከብዱት ሦስት ናቸው፦ ርቀት፣ ቆይታና ረብሻ። ሦስቱን ባንዴ አትጫኑበት። ሳሎን ውስጥ «ቆይ» ብላችሁት 20 ሰከንድ ከጠበቀ፣ መንገድ ዳር 2 ሰከንድ ብቻ ጠይቁት፣ ያውም አጠገቡ ቆማችሁ። እሷን ሲችል 5 አድርጓት። ቆይታው ሲደላደል አንድ እርምጃ ራቁ፣ ግን በዚያው ሙከራ ላይ ሰዓቱን መልሳችሁ አሳጥሩ።

ክፍያውም ይለያይ። ሳሎን ውስጥ ደረቅ ምግቡ ይበቃዋል። ውጪ የምትፎካከሩት ከድመት፣ ከኳስና ከሌላ ውሻ ሽታ ጋር ስለሆነ የተቀቀለ ዶሮ ያዙ፣ ሽምብራ እያከለ የተቆረጠ። ቁጭ ባለ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ውስጥ አፉ ይግባ። ኪስ ስትበረብሩ ተነስቶ ከነበረ የሸለማችሁት መነሳቱን ነው። ስልጠናው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሁን፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለው ስለ ታማኝነት ነው፣ እኔ ግን አሁን አሁን ቃል በቃል ነው የምረዳው። ጉርሻ ቀምሶበት በማያውቅ ቦታ ላይ ትእዛዝ አትጠብቁ።

አንዱን ይታዘዛል፣ ሌላውን ይንቃል

ብዙ ጊዜ ንቀት አይደለም፣ የአማርኛችን ጣጣ ነው። አባት «ተቀመጥ» ይላል። እናት «ቁጭ በል»። ልጆቹ «ቁጭ!»። አያት ደግሞ «አረፍ በል እስቲ» ይላሉ። ሴት ከሆነች «ተቀመጪ»ም ይጨመራል። ለኛ ሁሉም አንድ ትርጉም ነው። ለቡችላው አምስት የማይገናኙ ድምፆች ናቸው።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቃል ይምረጥ። ወረቀት ላይ ጻፉትና ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ሰዋስው ይቅርባችሁ፣ ሴትም ሆነች ወንድ «ቁጭ» ይበቃል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ራሱ እያጎረሰ ሁለት ሦስት ቀን ያለማምደው፣ ምክንያቱም የሚያዘው ሰው መለወጥም ለቡችላው እንደ ቦታ መለወጥ ነው።

ደግሞ አንዴ ብቻ በሉት። «ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ በል እንጂ!» ስትሉት ከኖራችሁ፣ ለሱ ትእዛዙ ሦስተኛው ላይ ነው የሚጀምረው። አንዴ በሉና ሦስት ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ካላደረገ ዝም ብላችሁ ትንሽ ራቅ በሉና ቀለል አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ።

ሲጠራ አይመጣም፣ ይባስ ብሎ ይሮጣል

ይህ ነው ሰውን የሚያስለቅሰው። ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው ጥሪው ተበላሽቷል። እስቲ ያለፈውን ሳምንት አስቡት። «ና» ያላችሁት መቼ መቼ ነው? ገላውን ልታጥቡት፣ ጥፍሩን ልትቆርጡ፣ ጨዋታ አቋርጣችሁ ወደ ቤት ልታስገቡት። አንዴም ዘግይቶ ሲመጣ ገሥጻችሁታል። የተቀጣው በመዘግየቱ እንደሆነ አያውቅም፣ በመምጣቱ ይመስለዋል። እኔም ብሆን አልመጣም ነበር።

ሁለተኛው ቃሉ ራሱ ነው። «ና» አንዲት ፊደል ናት። «ገና» ስንል፣ «ጤና» ስንል፣ «እና» ስንል ቀኑን ሙሉ ትሰማለች። ልጆቹን ስንጠራም እሷው ናት። ጆሮው ችላ ማለትን ተለማምዷል።

የተበላሸ ቃል ከመጠገን አዲስ መጀመር ይቀላል። «ወደኔ» ብትሉ ጥሩ ነው። ፊሽካም ይሆናል፣ ፊሽካ ንዴት አያሰማም፣ ማንም ቢነፋው አንድ ነው። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ቤት ውስጥ። ጠርታችሁ ሲመጣ ሦስት አራት ጉርሻ በተከታታይ ስጡት፣ ከዚያ «ሂድ ተጫወት» ብላችሁ ልቀቁት። ይቺን መልቀቅ አትርሷት። ከ10 ጥሪ 9ኙ በመለቀቅ ካለቀ መምጣት የጨዋታ ማብቂያ መሆኑ ይቀራል። ለገላ መታጠብ ከሆነ ሄዳችሁ አምጡት፣ አትጥሩት።

ውጪ ስትወጡ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ቀላል ገመድ ተጠቀሙ። ከአንገቱ ሳይሆን ደረቱን ከሚይዘው ቀበቶ ጋር እሰሩት፣ ሲፈተለክ አንገቱ እንዳይጎዳ። ገመዱን መጎተቻ አታድርጉት፣ ሥራው እንዳያመልጥ ብቻ ነው። ካመለጠ ደግሞ አታሳድዱት፤ ለሱ ከዚህ የሚጥም ጨዋታ የለም። በተቃራኒው አቅጣጫ እየጮኻችሁ ሩጡ። ጎረቤት «አብዳችኋል» ይላል እንጂ ይሠራል።

ጉርሻ ካላየ ንቅንቅ አይልም

ጉርሻው ትእዛዝ ሆኖበታል ማለት ነው። አምስት ስድስት ጊዜ በጉርሻ ከመራችሁት በኋላ ባዶ እጃችሁን በዚያው እንቅስቃሴ አሳዩት፣ ጉርሻውን ከኪስ ወይም ከመደርደሪያ ላይ አውጡ። በደንብ ሲያውቀው ጊዜውን አዘበራርቁ። አንዴ ስጡት፣ ሁለቴ ዝለሉት፣ ቀጥሎ አከታትላችሁ ስጡት። አዲስ ቦታ ላይ ግን መቆጠብ የለም።

ማሰሪያውን ይጎትታል

ሲጎትት ስለምትከተሉት ነው። ማሰሪያው ሲወጠር ቁሙ፣ ሲላላ ሂዱ። አሰልቺ ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ከበር እስከ መንገዱ ጥግ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ቤተሰቡ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ዛሬ ቸኩያለሁ» ብሎ ከተጎተተ ግን ሥራው ገደል ገባ።

እንግዳ ላይ ይዘላል

እጃችሁን ዘርግታችሁ ብትገፉት ለሱ ጨዋታ ነው። ብትጮኹበትም ትኩረት አገኘ። እንግዳው ዝም ብሎ ፊቱን ያዙር፣ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ሰላም ይበለው። አስቸጋሪው የእንግዳው ሥልጠና ነው፤ «ኧረ ተዉት፣ እኔ ውሻ እወዳለሁ» ይላል። ለዚያ ቡችላውን አስራችሁ ጠብቁ።

ጉርሻም አይቀበልም፣ እንደ ድንጋይ ይደርቃል

ይህ አለመታዘዝ አይደለም። ፍርሃት ነው። ጭራው ሆዱ ሥር ይገባል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል። ቤት ውስጥ የሚሻማውን ዶሮ አፍንጫው ሥር አድርጋችሁለት ካልነካ፣ በዚያ ሰዓት ትምህርት አይገባውም። «ቁጭ» ማለቱን ተዉትና ራቁ። ከሚያስፈራው ነገር በ30 ሜትር ርቀት ላይ ከበላ፣ መነሻችሁ 30 ሜትር ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተጠጉ።

እዚህ ላይ ዕድሜ ወሳኝ ነው። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ቡችላ አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ብሎ ሙሉ በሙሉ ቤት ዘግቶ ማሳደግ ያንን ጊዜ ይበላዋል። ያልተከተቡ ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታስቀምጡት እንጂ፣ አቅፋችሁት መኪና፣ ሕፃን፣ ጃንጥላ፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ይይ። የት የት መውሰድ እንደምትችሉ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ።

ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሰው ቤት ሄዶ ምንጣፍ ላይ ይሸናል

ያው የቦታ ጉዳይ ነው። «እዚህ ቤት አይሸናም» ብሎ እንጂ «ቤት ውስጥ አይሸናም» ብሎ አልተማረም። አዲስ ቤት ስትሄዱ ሳትገቡ ውጪ አሸኑት። ከገባችሁ በኋላ ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ሲበላና ሲጫወት ወዲያው አውጡት። የቀረውን ጊዜ ከዓይናችሁ አይራቅ። የሸናበትን ኢንዛይም ባለው ማጽጃ አጽዱ። አሞኒያ ያለበትን ተዉት፣ ሽታው ከሽንት ጋር ይመሳሰልበትና ተመልሶ እዚያው ይሸናል።

ቆይታችሁ አግኝታችሁት አፍንጫውን እዚያ ላይ ማሸት ምንም አያስተምርም። «ጥፋቱን ያውቃል፣ ፊቱን እዩት!» የሚል ሰው አይጠፋም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ፈትና ነበር። ያ የጥፋተኛ ፊት የሚመጣው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው፣ ውሻው ያላጠፋ ቢሆንም።

ያውቀው የነበረውን በስምንተኛው ወር ረሳው

ጎረምሳ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ዓይነ ስውራንን እንዲመሩ የሚያድጉ ውሾችን በ5 እና በ8 ወራቸው አወዳድሮ ነበር። በ8 ወራቸው «ቁጭ» ሲባሉ አሳዳጊያቸውን እምቢ ይላሉ፣ ለእንግዳ ሰው ግን ይታዘዛሉ! ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። ረጅሙን ገመድ መልሳችሁ እሰሩ፣ ሁለት ደረጃ ውረዱ፣ ጉርሻውን ጨምሩ። ያልፋል።

ከዕድሜው ጋር የማይያዝ ድንገተኛ ለውጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ትናንት ቀጥ ብሎ ቁጭ ሲል የነበረ ቡችላ ዛሬ ግማሽ ላይ ቆሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ዳሌው ወይም ጉልበቱ አሞት ሊሆን ይችላል። ሲጠራ የማይዞር፣ ራሱን የሚያርገፈግፍ፣ ጆሮውን የሚያክ ከሆነ ጆሮው ውስጥ ኢንፌክሽን ይኖር ይሆናል። ያኔ ስልጠናውን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።