ግራፊክስ ካርድ ወደ ቨርችዋል ማሽን አልገባም ሲል

ሊኑክስ ላይ በኬቪኤም (ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬደው ነው) ዊንዶውስ ጭናችሁ፣ ሁለተኛውን ግራፊክስ ካርድ እንዳለ ለእሱ ልትሰጡት ፈለጋችሁ እንበል። ማሽኑ ሊነሳ ሲል ግን «ግሩፑ አያስኬድም» የሚል መልእክት አውጥቶ ቀጥ አለ። እኔን ሦስት ሌሊት ያስፈጀኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ባዮስ ግቡ። ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ዲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ አይኦኤምኤምዩ የሚለውን አብሩ፤ ሁለቱም መሣሪያዎች የትኛውን ሜሞሪ መንካት እንደሚችሉ የሚቆጣጠረው ክፍል ስሞች ናቸው። ቪቲ-ኤክስን አብርቶ ጨረስኩ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እሱ ሲፒዩው ቨርችዋል ማሽን እንዲያስኬድ የሚያስችል ሌላ ነገር ነው። ኢንቴል ላይ ብዙ ጊዜ በከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ማስነሻ መስመርም ማብራት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሲስ በሚባለው ፎልደር፣ ከርነል ውስጥ ያለውን የአይኦኤምኤምዩ ግሩፖች ዝርዝር ክፈቱ። ባዶ ከሆነ አልበራም ማለት ነው፤ ወደ ባዮስ ተመለሱ።

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ከርነሉ የሚለየው በግሩፕ እንጂ በካርድ አይደለም። አንድ ግሩፕ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች አይኦኤምኤምዩ ሳያያቸው እርስ በርስ ዳታ ሊለዋወጡ ይችላሉ ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ግራፊክስ ካርዱን ለቨርችዋል ማሽኑ ሰጥታችሁ፣ እዚያው ግሩፕ ያለውን የኔትወርክ ካርድ ራሳችሁ ልትጠቀሙበት አይፈቅድም። የካርዱ የኤችዲኤምአይ ድምፅም ራሱን የቻለ መሣሪያ ሆኖ ይቆጠራል፤ አብሮ መሣሪያን ለቨርችዋል ማሽን አሳልፎ ወደሚሰጠው ቪኤፍአይኦ ድራይቨር ይሂድ። ካርዱን ከሲፒዩ ጋር የሚያገናኘውን የፒሲአይ ብሪጅ ግን አትንኩት።

ሌላ ነገር ከተቀላቀለ ኮምፒውተሩን አጥፉና የካርዱን ስሎት ቀይሩ። በቀጥታ ከሲፒዩ ጋር የተያያዘው ስሎት አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ በቺፕሴት በኩል የሚያልፉት አንድ ላይ ታጭቀው ይገኛሉ። ካልሆነ ባዮሱን አፕዴት አድርጉ፤ ኤሲኤስ (መሣሪያዎች በቀጥታ እርስ በርስ ዳታ እንዳይለዋወጡ የሚከለክል) የሚል ምርጫ ካለም አብሩት።

ኢንተርኔት ላይ ቶሎ የሚመክሯችሁ የኤሲኤስ ኦቨርራይድ ፓች የሚባለው የከርነል ማሻሻያ ነው። እኔ አልወደውም። መሣሪያዎቹን አይለያይም፤ ከርነሉን «ተለያይተዋል» ብሎ ያሳምነዋል እንጂ። ግድግዳ ሳይሠሩ በር ላይ የክፍል ቁጥር እንደመለጠፍ ነው። ለቤት ጌም ይሁን፤ የማታምኑት ሰው በሚገባበት ሰርቨር ላይ ግን በጭራሽ።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ካርዱ ከተሳካልኝ በኋላ አንድ ኤንቪኤምኢ ዲስክም ልሰጠው አሰብኩ። ቪኤፍአይኦን በመሣሪያው መለያ ቁጥር አሰርኩት። ረስቼው ነው እንጂ ሊኑክሱ ያለበት ዲስክም ያው ሞዴል ነበር! መለያ ቁጥሩ የሞዴሉ እንጂ የአንዱ ዲስክ አይደለም። ሪስታርት ሳደርግ ቪኤፍአይኦ ሁለቱንም ወሰደ፤ ሊኑክሱ የራሱን ዲስክ አጥቶ ተገተረ። በላይቭ ዩኤስቢ (ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ) ገብቼ ነው ያስተካከልኩት።

እንግዲህ ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያ ካላችሁ በፒሲአይ አድራሻው እሰሩ፤ ድራይቨር ኦቨርራይድ የሚባለው ለዚህ ነው። አድራሻውም ቢሆን ካርድ ሲጨመር ወይም ሲወጣ ሊቀየር ይችላል። እኔ ኬዙን ከመፍታቴ በፊት ማሰሪያ ስክሪፕቱን አጠፋለሁ፤ ከዚያ አዲሱን አድራሻ አይቼ እመልሰዋለሁ።