እረፍት ወጥተህም መብረር እንዳትረሳ

አብራሪ ከሆንክ፣ በ90 ቀን ውስጥ አውሮፕላን ሦስት ጊዜ አስነስተህ ሦስት ጊዜ ካሳረፍክ ደንቡ ያስበርርሃል። ይሄ ወረቀቱ ነው። ጭንቅላት ግን ከዚያ በፊት መርሳት ይጀምራል፤ መሪ መያዙ እጅ ላይ ይቆያል፣ ቶሎ የሚጠፋው የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

ስለዚህ ባሕር ዳር ቤተሰብ ጋ ከሆንክ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ስጠው። ወንበር ይበቃል። የኮክፒቱን (የአብራሪዎቹን ክፍል) ፎቶ በትልቁ አሳትመህ ግድግዳ ላይ ለጥፍና ፊት ለፊቱ ተቀመጥ። ሞተር ከማስነሳት እስከ ማረፍ አንድ በረራ ብረር። እጅህ እያንዳንዱ ማብሪያ ያለበት ድረስ ይሂድ። የምትለውንም ጮክ ብለህ በለው፣ በልብ ሲባል ሁሉም የታወቀ ይመስላል፣ የጠፋህ ነገር የሚጋለጠው አፍህ ሲደናቀፍ ነው። እናትህ «ልጄን ምን ነካብኝ» ትል ይሆናል። አስረዳትና ቀጥል።

ሰላማዊውን በረራ ግን አትደጋግመው። እሱን ሥራ ላይ ታገኘዋለህ፣ አብዛኛውንም አውቶፓይለቱ (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ) ይጨርሰዋል። ወንበሩ ላይ ክፉውን አምጣ። መስከረም 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት እንደለቀቀ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። 35 ሰው ሞተ። እዚህ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ወፍ አይጠፋም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ በሐሳብህ ልክ ስትነሳ አንድ ሞተር እንደጠፋ አድርገህ ተለማመድ፦ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ቀጥሎ የጠፋው የትኛው እንደሆነ ከረዳትህ ጋር አረጋግጥ፣ ከዚያ በፊት እጅህ ወደ ማጥፊያው እንዳይሄድ። በችኮላ ደህናውን ሞተር ያጠፉ አብራሪዎች አሉ።

ከፍታውንም አትርሳ። የባሕር ዳር ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ፍጥነት መለኪያው 130 ኖት (በሰዓት 240 ኪ.ሜ. ገደማ) ሲልህ፣ ንፋስ በሌለበት ሞቃት ከሰዓት፣ በእውነት የምትሄደው ከ140 በላይ ነው። መሬቱ ቶሎ ይመጣብሃል፣ ለመቆምም ረጅም መንገድ ትፈልጋለህ።

ሥራ ስትመለስ ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያለማምድ ማሽን) ውስጥ ትርፍ ደቂቃ ከተገኘ በጎን ንፋስ ማረፍን እንዲያለማምድህ አሰልጣኙን ጠይቀው። ኩባንያህ ከፈቀደ ደግሞ አየሩ ጥሩ ሲሆን አውቶፓይለቱን ቀደም ብለህ አጥፋና በእጅህ አውርደው። ክረምት ከሰዓት ጣና ላይ ደመና ሲቆለል ግን አይደለም፤ ያኔ ልምምድ የሚያምረው ሰው አላየሁም።