ከዲሲ ኒውዮርክ፣ ደርሶ መልስ ለሙዚቃዊ ቲያትር

የኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ ሄዶ ሙዚቃዊ ቲያትር ለማየት የግድ ሆቴል መያዝ የለባችሁም። ከዲሲ ማለዳ ተነስታችሁ ማታውኑ መመለስ ትችላላችሁ። ሚስጥሩ የቀኑን ትርኢት መምረጥ ነው። ብዙዎቹ ቲያትሮች ረቡዕና ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያሳያሉ። ትኬቱ ላይ ግን 2:00 ነው የሚለው። እናቴን "ነገ ሁለት ሰዓት ነው" ብያት፣ የማታ መስሏት በማለዳ ተረጋግታ ቡና ስትቆላ ደረስኩባት!

አውቶቡስ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ቢዘገይ ቢዘገይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። እኛ አንዴ ኒው ጀርሲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶብን አረፈድን። ያረፈደን ሰው ደግሞ ወዲያው አያስገቡም። የመክፈቻውን ዘፈን ከበሩ ውጪ ቆመን በግድግዳ ሰማነው።

የትኛውም ትርኢት ይሁን ካላችሁ፣ ታይምስ ስኩዌር ከቀዩ ደረጃ ሥር ያለው መሸጫ የዕለቱን ትኬት አንዳንዴ እስከ ግማሽ ዋጋ ቀንሶ ይሸጣል። ሰልፍ አለው። ልባችሁ አንዱ ላይ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ግዙ። በኦንላይን ሲገዛ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፣ እዚያው የቲያትር ቤቱ መስኮት ላይ ግን ያ ይቀርላችኋል።

ትልቅ ሻንጣ አትያዙ። ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ሽንት ቤት ግቡ፤ በእረፍት ሰዓት የሴቶቹ ሰልፍ አይጣል ነው። ትርኢቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚወስድ የመመለሻውን አውቶቡስ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አድርጉት።