የሐይቅ ውሃን በፍሎረሰንስ ስትለኩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ፍሎረሰንስ ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦርጋኒክ ቁስ ብርሃን ሲመታው መልሶ የሚያወጣው ብርሃን ነው። የዝዋይን ወይም የአብያታን ውሃ አጥልሎ ፍሎሮሜትር (ይህን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ውስጥ መክተትና፣ በየትኛው ሞገድ ሲነቃቃ በየትኛው እንደሚያበራ የሚያሳይ ባለቀለም ካርታ ማውጣት ከባድ አይደለም። ችግሩ የተበላሸውም ካርታ ያምራል።

ጠቆር ያለ ናሙና ሳያቀጥኑ መለካት። ይሄ ካልታረመ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። ውሃው የምትልኩበትን ብርሃን ራሱ ይመጥጠዋል፤ ብርሃኑ ኩቬቱ (ናሙናው የሚያዝበት ትንሽ ዕቃ) መሀል ሲደርስ ተዳክሟል፣ ከመሀል የፈለቀውም ሲወጣ እንደገና ይመጠጣል። በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት በ260 ናኖሜትር (በምናነቃቃበት ሞገድ) 1.0፣ በ450 (በሚያበራበት) ደግሞ 0.1 አብዞርባንስ (ብርሃን የመምጠጥ መጠን) ያለው ናሙና እንውሰድ። ትክክለኛው ፍሎረሰንስ 100 ቢሆን መሣሪያው 28 ብቻ ያነባል። እኩል ንጹህ ውሃ ጨምሩበት፤ ወደ 27 ይሆናል። ግማሹ ኦርጋኒክ ቁስ ሄዶ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም! ጀማሪ ይሄን አይቶ «መሣሪያው የተረጋጋ ነው» ይላል። አሥር እጥፍ ስታቀጥኑት 8.8 ይሆናል፣ በ10 ሲባዛ 88። የጎደለውን ቀመሩ ይሞላዋል፦ ሁለቱን አብዞርባንሶች ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ፣ ውጤቱን የ10 አርቢ አድርጉት፣ በዚያ ንባቡን አባዙ። ድምሩ ከ1.5 ካለፈ ግን ቀመሩን አትመኑት። በ254 ናኖሜትር ከ0.3 በላይ የሆነውን ሁሉ አስቀድሞ ማቅጠን ይሻላል። ጉዳቱ ደግሞ እኩል አይደለም፤ አጭሩ ሞገድ የበለጠ ስለሚመጠጥ በ260 የሚነሳው ጉብታ በ340 ከሚነሳው ይልቅ ይኮሰምናል፣ በሁለቱ ንጽጽር የተጻፈው ትንታኔም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ የዚያኑ ናሙና አብዞርባንስ ከ240 እስከ 600 ናኖሜትር በዚያው ቀን ለኩ።

ፒኤች አለመመዝገብ። የሻላና የአብያታ ፒኤች ወደ 10 ይጠጋል። ታይሮሲን (ፕሮቲን ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ) ደግሞ ፒኤች 10 አካባቢ ፕሮቶኑን ይለቅና ብርሃኑ ይደበዝዛል። በ275 አነቃቅታችሁ 305 ላይ ጉብታ ካጣችሁ «ታይሮሲን የለም» ለማለት አትቸኩሉ። ከዝዋይ ጋር ልታነጻጽሩ ከሆነ የሁለቱንም ፒኤች አንድ አድርጉና ለኩ፤ ያልነካችሁትንም ለብቻው ለኩት። የሶዳ ውሃ ላይ አሲድ ጠብ ሲል አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ሳይጠፋ ኩቬት ውስጥ ከገባ ብርሃን ይበትናል።

ደለልን ከኦርጋኒክ ቁስ ማምታታት። አባያን ያቀላው የተንሳፈፈ ደለል ነው። ረቂቁ ሸክላ በ0.7 ማይክሮሜትር የመስታወት ማጥለያ ሊያልፍ ይችላል፣ ከ0.45 ያልበለጠ ተጠቀሙ፣ 0.2 ይመረጣል። የመስታወቱን ማጥለያ በ450 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥሉት። የፕላስቲኩን በብዙ ንጹህ ውሃ አጥባችሁ፣ በእሱ ያለፈ ንጹህ ውሃ እንደ ናሙና ለኩ። ማጥለያው ራሱ የሚያወጣው ነገር የሚታየው በዚህ ብቻ ነው።

ናሙና ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። በጠቆረ የመስታወት ጠርሙስ፣ በ4 ዲግሪ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለካ። ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መለካትም ስህተት ነው፤ ፍሎረሰንስ በየዲግሪው 1 በመቶ ገደማ ይለዋወጣል፣ ኩቬቱም ላብ ያወጣል።

በሁለት ጎኑ ብቻ የጠራ ኩቬት ለአብዞርባንስ ነው። ለፍሎረሰንስ አራቱም ጎን የጠራ ኳርትዝ ያስፈልጋል።

ለብላንክ (ለማነጻጸሪያ ለሚለካው ንጹህ ውሃ) ለመኪና ባትሪ የሚሸጥ ውሃ አይሆንም፤ 18.2 ሜጋኦም-ሴንቲሜትር የሆነውን ፈልጉ። በ350 ናኖሜትር አነቃቅታችሁ የራማኑ ጉብታ (ውሃው ራሱ ብርሃን በመበተን የሚያወጣው) 397 አካባቢ በየቀኑ መታየት አለበት፤ ከ371 እስከ 428 ከጉብታው ሥር ያለውን የቦታ ስፋት ለንባቡ ሁሉ አካፋይ አድርጉት።

የሬሌይን መስመር (የላካችሁት ብርሃን ሞገዱ ሳይቀየር ተበትኖ ካርታው ላይ የሚተወውን) በዜሮ መሙላት። ዜሮ ለፓራፋክ (የካርታውን ጉብታዎች ለሚነጣጥለው የስሌት ዘዴ) «እዚህ ብርሃን የለም» ማለት ነው። እንደ ባዶ ተዉት፣ ወይም ከጎኑ ባሉት ቁጥሮች ሙሉት።

የፍሎረሰንስ ኢንዴክስን (የኦርጋኒክ ቁሱን ምንጭ ለመገመት የሚሰላውን ንጽጽር) በድሮውና በአዲሱ አሠራር ማደባለቅ። በ370 አነቃቅቶ 450ን ለ500 ማካፈል የመሣሪያው መዛባት ያልታረመበት ንባብ የሚሰጡ መሣሪያዎች ልማድ ነው። የታረመ ንባብ ካላችሁ 470ን ለ520።

የመጨረሻው የናሙና መውሰጃው ቦታ ነው። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ዳርቻ ላይ ጠርሙስ ሞልቶ መምጣት የተለመደ ነው። በሳሙና ዱቄት ውስጥ ያለው ነጭ ማድረጊያ በ350 አካባቢ ተነቃቅቶ 430 አካባቢ ያበራል፤ ልክ የሂዩሚክ (ከበሰበሰ ተክልና ከአፈር የሚመጣ ኦርጋኒክ ቁስ) ጉብታ ላይ ያርፋል። ከጠረጠራችሁ ናሙናውን ለ5 ወይም 10 ደቂቃ አልትራቫዮሌት መብራት ሥር አስቀምጣችሁ ድጋሚ ለኩ። የሳሙናው ቶሎ ይረግፋል፣ የሂዩሚኩ በጥቂቱ ብቻ ይቀንሳል።