ፀሐይን በኤክስሬይ ለምትቃኙ ተረኞች

ከሁሉ በፊት የምሕዋሩን ሰሌዳ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጠቀችው የፀሐይ መመልከቻ ሳተላይት ሂኖዴ ምድርን በ98 ደቂቃ ገደማ ትዞራለች፤ ከደቡብ አትላንቲክ በላይ ያለውን የጨረር ቀጠና ስታቋርጥ ምስሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላልና በዚያ ሰዓት ዋና ምልከታ አትመድቡ።

ቀጥሎ ማጣሪያ ምረጡ፤ እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው። ስሱ የአሉሚኒየም ማጣሪያ ቀዝቀዝ ያለውን ኮሮና፣ ማለትም የፀሐይን ውጫዊ ከባቢ አየር፣ ያሳያል (ቀዝቀዝ ያለ ስል አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ማለቴ ነው)። ፍንዳታ ሲነሳ ግን ምስሉ በብርሃን ይጥለቀለቃል፤ የእናንተም እጅ አይደርስም፣ የሚሠራው አስቀድሞ የተጫነው ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን የቤሪሊየም ማጣሪያና አጭር የብርሃን ማስገቢያ ጊዜ በተጠባባቂነት ጻፉለት። አንድ ሌሊት ይህን ረስቼ፣ ለሳምንታት የጠበቅሁት ፍንዳታ ባዶ ነጭ ሆኖ ወረደልኝ።

ካሜራውንም በየጊዜው አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ገጽታው ላይ የሚለጠፈው ብክለት ለስላሳውን (ጉልበቱ ዝቅ ያለውን) ኤክስሬይ ይውጠዋል።